የግብዓትና የውጤት መዝገብ፤ መሣሪያ ያየውን የት ያስቀምጣል?

(በተማሪዎች ማኅበር የቴክኒክ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገርበት ርእስ ለብዙዎቻችሁ ደረቅ መስሎ እንደሚታያችሁ እናውቃለን። ፋብሪካ የሚያዝዝ መሣሪያ ከውጭ የሚደርሰውን ወሬና ወደ ውጭ የሚልከውን ትእዛዝ በማኅደሩ ውስጥ በምን ሥርዓት ያስቀምጣል? የሚል ነው። «ይህ የመሣሪያው የቤት ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ማጠራቀሚያው ሞልቶ እየፈሰሰ ፓምፑ የማይቆምበት፥ ወይም ሰው እጁን ከቀበቶው ላይ ሳያነሣ ሞተሩ በራሱ የሚነሣበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ከፓምፑም ከሞተሩም ሳይሆን ከዚሁ ከማኅደሩ አቀማመጥ ይገኛል። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ብታበድሩን አትከስሩበትም።

መሣሪያው በልማድ ፒ.ኤል.ሲ. ይባላል፤ ፕሮግራም የሚጻፍለት ተቆጣጣሪ ማለት ነው። ከእርሱ በፊት ፋብሪካ ይታዘዝ የነበረው በሪሌ ነው። ሪሌ በኤሌክትሪክ ማግኔት እየተሳበ የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ ነው። አንድ የመኪና ፋብሪካ በመቶና በሺህ የሚቈጠር ሪሌ በቁም ሣጥን ሞልቶ ይይዝ ነበር፤ የሚሠራውም የመኪና ዓይነት በተለወጠ ቁጥር ሽቦው ሁሉ እየተፈታ እንደ ገና ይታሰር ነበር። ይህ ያስመረረው የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ የሃይድራማቲክ ክፍል በ1968 እ.ኤ.አ. ሽቦ ሳይፈታ የሚለወጥ ተቆጣጣሪ እንዲሠራለት ጠየቀ። ዲክ ሞርሊና ባልደረቦቹ በቤድፎርድ አሶሺየትስ የሠሩት መሣሪያ ሞዲኮን 084 ተባለ፤ ቍጥሩም የድርጅቱ 84ኛ ሥራ መሆኑን የሚያመለክት ነው።

ይህን ዘመን ከከተማችን ታሪክ ጋር ብናመዛዝነው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1961 እ.ኤ.አ.፥ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤቱ በ1963፥ የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1964 ሲቋቋሙ ይህ መሣሪያ ገና አልተወለደም ነበር። ሁለተኛው ጢስ ዓባይ በ2001፥ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ በ2010 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምሩ ግን ዓለም በሙሉ ወደ ፒ.ኤል.ሲ. ከዞረ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። እንግዲህ በዚህ በጣና ዳር የሚኖር ሰው የሪሌውንም የፕሮግራሙንም ዘመን በአንድ ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን ማየት ይችላል ማለት ነው።

በሁለቱ ዘመናት መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ምንድን ነው ብንባል፥ ፍጥነቱ ወይም ትንሽነቱ ነው አንልም። በሪሌ ዘመን ሽቦው ራሱ አድራሻ ነበር። የማቆሚያው ቁልፍ ከየትኛው ሪሌ ጋር እንደ ተገናኘ ለማወቅ የፈለገ ሠራተኛ ሽቦውን በጣቱ እየተከተለ ይደርስበታል። በፒ.ኤል.ሲ. ግን ሽቦው ከመሣሪያው ጫፍ ላይ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቍጥር ብቻ ነው። ቍጥሩን የማያውቅ ሰው ሣጥኑን ከፍቶ ቢያይም የሚያየው ነገር የለም።

ነገሩን በምሳሌ እንያዘው። ከባሕር ዳር በስተ ምዕራብ ያለው እንፍራንዝ ምንጮቹ ለከተማይቱ የመጠጥ ውሃ ሲሰጡ የኖሩ አካባቢ ነው፤ ወንዙም ወደ ጣና ይገባል። አሁን የምንገልጸው የፓምፕ ጣቢያ ግን በእንፍራንዝ የቆመ እውነተኛ ጣቢያ አይደለም፤ ለትምህርት ብለን በሐሳባችን በምንጩ አጠገብ የተከልነው ነው። ሁለት ፓምፖች አሉት። ውሃው ከምንጩ ወደ አንድ ጕድጓድ ይወርዳል፤ ፓምፖቹም ከጕድጓዱ ወደ ኮረብታው ማጠራቀሚያ ይገፉታል።

ለዚህ ጣቢያ ስምንት የአዎንና የአይደለም ወሬዎች ይበቃሉ። የማስነሻው ቁልፍ ተጫነ ወይስ አልተጫነም? የማቆሚያውስ? በጕድጓዱ ውስጥ ውሃ አለ ወይስ ተንሳፋፊው ወድቋል? ማጠራቀሚያው ሞልቷል? የመጀመሪያው ፓምፕ ከልክ በላይ ኤሌክትሪክ ስቦ ጠባቂው ወርዷል? የሁለተኛውስ? መምረጫው በራስ ሰር ላይ ነው ወይስ በእጅ ላይ? የውሃ ቆጣሪው ምት ሰጠ? እያንዳንዱ ወሬ አንድ ቢት ነው፤ 1 ወይም 0። ስምንቱ ቢቶች ተደርድረው አንድ ባይት ይሆናሉ። ስለዚህ የማስነሻው ቁልፍ አድራሻ ግብዓት 0.0፥ የማቆሚያው 0.1 እያለ የቆጣሪው ምት 0.7 ላይ ያልቃል። ከነጥቡ በፊት ያለው ቍጥር የባይቱ፥ ከነጥቡ በኋላ ያለው የቢቱ ነው። ወደ ውጭ የሚወጡት ትእዛዞችም በራሳቸው መደብ እንዲሁ ይቀመጣሉ፤ የመጀመሪያው ፓምፕ ኮንታክተር ውጤት 0.0፥ የሁለተኛው 0.1፥ ቀዩ መብራት 0.2 ይሁኑ።

አዲስ ተማሪ የሚሰናከለው ዘጠነኛውን ግብዓት ሲፈልግ ነው። 0.8 ብሎ ይጽፋል፤ መሣሪያው ግን አይቀበለውም፤ ከ0.7 ቀጥሎ 1.0 ነውና። ይህ የሲመንስ ልማድ ነው። አለን ብራድሊ ፒ.ኤል.ሲ. 5 በተባለው መሣሪያው ከ7 ቀጥሎ 10 ይላል፤ 8 እና 9 የሚባሉ ቍጥሮች ለግብዓትና ለውጤት አይታወቁም፤ የሚቈጥረው በስምንት ቤት ነውና። የሚትሱቢሺ ኤፍ.ኤክስ. እንዲሁ ነው። ኦምሮን ደግሞ አሥራ ስድስቱን በአንድነት ይዞ ከ0 እስከ 15 ይሄዳል። ሁሉም ትክክል ናቸው፤ ሁሉም አንድ ነገር አይደሉም። ጀርመኖች በገዛ ቋንቋቸው ግብዓቱን «ኢ»፥ ውጤቱን «አ» ሲሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ያንኑ «አይ» እና «ኪው» ይለዋል። አንዱ ማሽን ከኢጣልያ፥ አንዱ ከጀርመን፥ አንዱ ከቻይና በሚመጣበት አገር ይህን ሁሉ መልመድ ግድ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ብዙ ሰው ፕሮግራሙ «ግብዓት 0.2 አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ መሣሪያው ወዲያው ወደ ተንሳፋፊው ሄዶ የሚያይ ይመስለዋል። አይደለም። የሚያየው ቀድሞ የተጻፈ መዝገብ ነው።

የእድርን ስብሰባ አስቡ። ጸሐፊው ስብሰባው ሲከፈት ስም ይጠራል፤ የቀረውንና የመጣውን በመዝገቡ ላይ ያሰፍራል። ከዚያ በኋላ ዳኛው መቀጮ የሚፈርደው መዝገቡን እያየ ነው እንጂ በየጊዜው ዞር እያለ ወንበሩን እየቈጠረ አይደለም። ከስም ጥሪው በኋላ የገባ ሰው ለዚያ ቀን እንደ ቀረ ይቈጠራል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል። ውሳኔዎቹም ስብሰባው ሲያልቅ በአንድነት ይነገራሉ። ፒ.ኤል.ሲ. የሚሠራው እንዲሁ ነው። በመጀመሪያ ግብዓቶቹን ሁሉ አንድ ጊዜ ያነብና በማኅደሩ ውስጥ ምስላቸውን ያስቀምጣል፤ ቀጥሎ ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች በዚያ ምስል ላይ ተመሥርቶ ይሠራል፤ ውሳኔዎቹን በውጤት ምስል ላይ ይጽፋል፤ በመጨረሻም የውጤቱን ምስል በአንድ ጊዜ ወደ ኮንታክተሮቹ ይልካል። ከዚያ እንደ ገና ስም ጥሪ ይሆናል። ይህ አንድ ዙር በጥቂት ሚሊ ሰኮንድ ያልቃል፤ ለምሳሌያችን 20 ሚሊ ሰኮንድ እንበል።

ይህ ሥርዓት ለምን አስፈለገ? የጕድጓዱ ውሃ ወደ ተንሳፋፊው ደረጃ ሲቃረብ ሞገዱ ተንሳፋፊውን ያነሣዋል፥ ይጥለዋል። ፕሮግራሙ እያንዳንዱ መሥመር ላይ በቀጥታ ወደ ሽቦው ቢመለከት ኖሮ በ3ኛው መሥመር «ውሃ አለ፤ ፓምፑ ይነሣ» ይልና በ20ኛው «ውሃ የለም፤ ቀዩ መብራት ይብራ» ሊል ይችላል። ፓምፑ እየዞረ መብራቱ «ቆሟል» ይላል ማለት ነው። ምስሉ ግን በዙሩ ውስጥ አይለወጥም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ከራሱ ጋር አይጣላም። ከማስመሪያና ከወረቀት ይልቅ ይህን አንድ ነገር የፈጠሩትን ሰዎች እናደንቃለን።

ዋጋው ግን አለ። ስም ጥሪው እንዳለቀ የተጫነ ቁልፍ እስከሚቀጥለው ጥሪ ይጠብቃል፤ ከዚያም ውሳኔው በዙሩ መጨረሻ ይወጣል። በምሳሌያችን እስከ 40 ሚሊ ሰኮንድ ይሆናል፤ በግብዓቱ ካርድ ላይ ያለው የማጣሪያ ጊዜም ይጨመርበታል። ለውሃ ፓምፕ ይህ ምንም አይደለም። በሰኮንድ አንድ ሜትር በሚሄድ የጠርሙስ መስመር ላይ ግን 40 ሚሊ ሰኮንድ 4 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጠርሙሱ ካለፈ በኋላ ቡሽ መምታት ነው። የአደጋ ማቆሚያም በፕሮግራሙ ብቻ የማይታመነው ስለዚህና መሰል ምክንያት ነው፤ ኀይሉን በቀጥታ በሽቦ ሊቈርጥ ይገባዋል፤ መሣሪያው የሚነገረው ለማወቅ ያህል ብቻ ነው።

ከዚህ የባሰው በሁለት ስም ጥሪዎች መካከል ገብቶ የወጣ ሰው ጉዳይ ነው። እርሱ ጭራሽ አልመጣም። የውሃ ቆጣሪያችን ውሃው በኀይል ሲሄድ በሰኮንድ 100 ምት ይሰጣል እንበል። መሣሪያው በሰኮንድ የሚያነበው 50 ጊዜ ነው። አንድን ምት ለመቍጠር ደግሞ ቢያንስ አንድ ጊዜ 1ን፥ አንድ ጊዜ 0ን ማየት አለበት፤ ስለዚህ ቢበዛ በሰኮንድ 25 ምት ቢቈጥር ነው። የቀረው ውሃ ይሄዳል፥ በመዝገብ ግን የለም። ፕሮግራሙ ስሕተት የለበትም፤ ሽቦውም ጤነኛ ነው፤ ቆጣሪውም አልተበላሸም። ይህን በእንፍራንዝ ላይ ስታስቡት ቀላል አይሆንም። ከምንጩ ለከተማው ስንት ይሄዳል? ለወንዙና በታች ላለው ረግረግ፥ ለገበሬውና ለከብቱስ ስንት ይቀራል? የሚለውን ክርክር የሚፈርደው ቍጥር ከዚህ ግብዓት ይወጣልና። መድኀኒቱ ከዙሩ ውጭ ራሱን ችሎ የሚቈጥር ፈጣን ቆጣሪ በካርዱ ላይ መኖሩን አይቶ ምቱን ወደዚያ ማስገባት ነው፤ ወይም ቆጣሪውን ራሱን በኬብል መጠየቅ ነው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

የውጤቱ ምስልም የራሱ ወጥመድ አለው። አንድ ሰው በ10ኛው መሥመር «በራስ ሰር ከሆነና ውሃ ካለ ውጤት 0.0 ይሁን» ብሎ ይጽፋል። ሌላ ሰው፥ ወይም ያው ሰው ከወር በኋላ፥ በ60ኛው መሥመር «በእጅ ከሆነና ቁልፉ ከተጫነ ውጤት 0.0 ይሁን» ብሎ ይጨምራል። ሁለቱም ለየብቻቸው ትክክል ናቸው። መምረጫው በራስ ሰር ላይ ሲሆን 10ኛው መሥመር በምስሉ ላይ 1 ይጽፋል፤ 60ኛው ግን ሁኔታው ስላልተሟላለት 0 ይጽፍበታል። ወደ ኮንታክተሩ የሚሄደው የመጨረሻው ጽሕፈት ብቻ ነው። ሠራተኛው በኮምፒውተሩ ላይ 10ኛውን መሥመር ሲመለከት በርቶ ያያል፤ ፓምፑ ግን አይነሣም። ከዚያም ኮንታክተር ይቀየራል፥ ሽቦ ይቀየራል፥ ካርድ ይታዘዛል። አንድን ውጤት በአንድ ቦታ ብቻ መጻፍ የሚባለው ልማድ የመጣው ከዚህ ነው።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ቢት ነው። የማጠራቀሚያው ከፍታ ግን በአዎንና በአይደለም አይነገርም። መለኪያው ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር የሚደርስ ኤሌክትሪክ ይልካል፤ ባዶው 4፥ ሙሉው 20 ነው። ከዜሮ ሳይሆን ከ4 የተጀመረው በብልሃት ነው፤ ሽቦው ከተቈረጠ ዜሮ ይሆናል፤ ዜሮና ባዶ ማጠራቀሚያ አይምታቱም። ካርዱ ይህን ወደ ቍጥር ይለውጠዋል፤ በሲመንስ ዘንድ 4 ሚሊ አምፔር 0፥ 20 ሚሊ አምፔር 27648 ይሆናል። ማጠራቀሚያው 4 ሜትር ቢሆን 13824 ብናነብ ውሃው 2 ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ቍጥር በአንድ ባይት ስለማይበቃ ሁለት ባይት ይይዛል፤ ሁለት ባይት አንድ ወርድ ይባላል። በኤስ 7-300 የመጀመሪያው የእንዲህ ያለ ካርድ አድራሻ 256 ሲሆን ሁለተኛው መለኪያ 257 ሳይሆን 258 ነው፤ 257 የመጀመሪያው ግማሽ አካል ነውና።

ይህ «ግማሽ አካል» የሚለው ነገር ብዙ ጣጣ ስላለው እንቆይበት። ማኅደር አንድ ረጅም መደርደሪያ ነው፤ ቢት፥ ባይት፥ ወርድ የሚባሉት በዚያው መደርደሪያ ላይ የሚወሰዱ ልዩ ልዩ መስፈሪያዎች እንጂ ልዩ ልዩ ቤቶች አይደሉም። ወርድ 10 ማለት ባይት 10 እና ባይት 11 ነው። ወርድ 11 ማለት ደግሞ ባይት 11 እና ባይት 12 ነው። ባይት 11 የሁለቱም ነው። አንድ ተማሪ የውሃውን ከፍታ በሳንቲ ሜትር በወርድ 10 አስቀመጠ እንበል፤ ሌላው ባልደረባው የፓምፑን የሥራ ሰዓት በወርድ 11 አስቀመጠ። ቍጥሮቹ ልዩ ናቸውና ማንም አልጠረጠረም። ከፍታው 300 ቢሆን 300 ማለት አንድ ጊዜ 256 ሲደመር 44 ነው፤ በባይት 10 ላይ 1፥ በባይት 11 ላይ 44 ይጻፋል። ቀጥሎ የሥራው ሰዓት 5 ሲጻፍ በባይት 11 ላይ 0፥ በባይት 12 ላይ 5 ይሆናል። አሁን ወርድ 10ን እንደ ገና ብናነበው 256 ይለናል። ውሃው 3 ሜትር ሳለ መዝገቡ 2 ሜትር ከ56 ይላል። ፓምፑ በ3 ሜትር እንዲቆም ታዝዞ ከሆነ አይቆምም። የማጠራቀሚያው አፍ ሲፈስ ሰው የሚወቅሰው መለኪያውን ነው።

እዚህ ላይ ስለ መብራት መጥፋት ካልተናገርን ስለ አገራችን አልተናገርንም። ኤሌክትሪክ ሲሄድ ማኅደሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ዕጣ የለውም። የግብዓትና የውጤት ምስል ይጠፋል፤ ሲመለስ ከባዶ ይጀምራል። ፕሮግራሙ ለራሱ ማስታወሻ ከሚይዝበት መደብ ግን አንዳንዱ ክፍል እንዲቆይ ሊታዘዝ ይችላል። በኤስ 7-300 ማንም ሳይነካው እንደ መጣ ከባይት 0 እስከ ባይት 15 ያለው ማስታወሻ የሚቆይ ነው። እንግዲህ ከዜሮ መጀመር የሁሉም ሰው ልማድ ስለ ሆነ ተማሪው «ፓምፕ 1 ይሥራ» የሚለውን ቢት በማስታወሻ 0.0 ያስቀምጣል። መብራት ይሄዳል። ሠራተኛው «እንግዲህ ቆመ፥ ጊዜ አገኘሁ» ብሎ የፓምፑን መጋጠሚያ ከፍቶ ይገባበታል። መብራት ይመለሳል። ቢቱ ግን እንደ ነበረ 1 ነው።

ከዚህ በላይ መግለጽ አያሻንም። የሥራ ሰዓት፥ የውሃ ድምር፥ የመሳሰለው ይቆይ፤ «ይነሣ» የሚል ትእዛዝ ግን በሚጠፋው መደብ ይቀመጥ፤ መሣሪያውም ከእንቅልፉ ሲነሣ በመጀመሪያው ዙር ትእዛዞቹን ሁሉ ይሰርዝ። ዋናውን ማብሪያ በቁልፍ ቈልፎ መግባት ደግሞ ፕሮግራሙ እንዴትም ያማረ ቢሆን የማይቀር ነው። የማቆሚያው ቁልፍም ሳይነካ 1፥ ሲጫን 0 እንዲሰጥ ሆኖ የሚታሰረው በዚሁ መንፈስ ነው፤ ሽቦውን አይጥ ቢቈርጠው መሣሪያው እንደ ተጫነ ቈጥሮ ይቆማል። በተገላቢጦሽ ቢታሰር ኖሮ ቁልፉ መሞቱን የምናውቀው በምንፈልገው ቀን ነበር።

ወደ ውሃ ቆጣሪው እንመለስ። ቆጣሪው ራሱ ድምሩን ይይዛል፤ በኬብል ብንጠይቀው ይነግረናል። የሚነጋገሩበት ቋንቋ ብዙ ጊዜ ሞድበስ ነው፤ ይህም ያው ሞዲኮን በ1979 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው፤ ዛሬም ከየፋብሪካው አልጠፋም። የሞዲኮን መደርደሪያ አራት ክፍል አለው። በ0 የሚጀምሩት የውጤት ቢቶች፥ በ1 የሚጀምሩት የግብዓት ቢቶች፥ በ3 የሚጀምሩት የሚነበቡ ብቻ መዝገቦች፥ በ4 የሚጀምሩት የሚነበቡም የሚጻፍባቸውም መዝገቦች ናቸው። መጽሐፉ 40001 ብሎ የሚጠራውን መዝገብ በኬብሉ ላይ የሚያልፈው መልእክት 0 ይለዋል። አንዱ ከአንድ፥ ሌላው ከዜሮ ይቈጥራልና፤ በአንድ ቤት ማለፍና ማነስ የዘወትር ነገር ነው። ሰው የጎረቤቱን ደብዳቤ እንደሚያነብ ይሆናል፤ ደብዳቤው ግን እውነተኛ ደብዳቤ ስለሚመስል ማንም ልብ አይለውም።

አንድ የሞድበስ መዝገብ ከ65535 በላይ አይዝም። የውሃው ድምር 70,000 ሜትር ኩብ ቢደርስ ሁለት መዝገብ ያስፈልገዋል፤ አንድ ጊዜ 65,536 ሲደመር 4,464 ነውና በአንደኛው 1፥ በሁለተኛው 4,464 ይቀመጣል። ሆኖም ትልቁ ክፍል ይቅደም ወይስ ትንሹ? የሚለውን ደንቡ አልወሰነም፤ አንዱ ፋብሪካ እንዲህ፥ ሌላው እንዲያ አድርጎታል። ተቀባዩ አገላብጦ ካነበበው 70,000 የነበረው 292,552,705 ይሆናል። ይህን ያህል ሲሆን ሰው ይስቅና ያርመዋል። የሚያስፈራው ድምሩ ገና ትንሽ ሳለ የተሞከረው ነው። ተቀባዩ ሁለተኛውን መዝገብ ብቻ እንዲያነብ ቢደረግ ከ65,535 በታች ሁሉ ትክክል ይሆናል፤ ሁሉም ፈርሞ ይረከባል፤ ከዚያ አንድ ቀን ድምሩ 65,536 ሲሞላ መዝገቡ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ያን ቀን የገጠመው ሰው በቢሮ በሌለ ውሃ ሲጠየቅ ይውላል።

ከመምህሮቻችንና ከበላይ ክፍል ተማሪዎች አንዳንዶች «ይህ ሁሉ የድሮ ነው፤ ዛሬ በስም ነው የሚሠራው» ይሉናል። እውነት አላቸው፤ ግማሹን። የፒ.ኤል.ሲ. ቋንቋዎችን የሚደነግገው አይ.ኢ.ሲ. 61131 ሦስተኛ ክፍሉ በ1993 እ.ኤ.አ. ከወጣ ወዲህ፥ ይልቁንም እንደ አለን ብራድሊው ኮንትሮል ሎጂክስ ያሉ መሣሪያዎች ከመጡ ወዲህ፥ ፕሮግራም ጻፊው «የጕድጓድ ተንሳፋፊ» ብሎ ስም ይሰጣል፤ ባይቱንና ቢቱን መሣሪያው ራሱ ያደላድላል። የወርድ 10 እና የወርድ 11 ጠብ በዚህ ይቀራል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ያው ኮንትሮል ሎጂክስ ግብዓቶቹን የሚያድሰው ዙሩን ሳይጠብቅ በራሱ ጊዜ ነው። ስም ጥሪው ስብሰባው መካከል ላይ ይደረጋል ማለት ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ፕሮግራም ጻፊዎች በዙሩ መጀመሪያ ግብዓቶቹን ወደ ሌላ ቦታ እየገለበጡ ፕሮግራሙ በግልባጩ ብቻ እንዲሠራ ያደርጋሉ፤ የድሮውን ምስል በገዛ እጃቸው እንደ ገና መሥራታቸው ነው። የሞድበሱ ቆጣሪም ስም አያውቅም፤ ቍጥር ብቻ ነው የሚያውቀው። ደግሞስ ስሙን ማን ያወጣዋል? «ግ1»፥ «ግ2» ተብሎ የተጻፈ ስም ከቍጥር በምን ይሻላል?

የንግግራችን ዋና ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። አንድ ጣቢያ ሲሠራ የአድራሻው ዝርዝር የሚታወቀው በሠራው ሰው ዘንድ ነው። ሠሪው ሥራውን አስረክቦ አገሩ ይገባል። ዝርዝሩ ቢኖርም አብዛኛውን ጊዜ በባዕድ ቋንቋ በአንድ ሰነድ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፤ ወይም በአንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ወይም ፕሮግራሙ በይለፍ ቃል ተቈልፏል። ካርዱ ሲቃጠል አዲስ ካርድ መግዛት ይቻላል፤ ከአሥራ ስድስቱ ሽቦዎች የትኛው ምን እንደ ሆነ የሚነግር ሰው ግን በገበያ አይሸጥም። ያን ጊዜ ጣቢያው የእኛ ነው የምንለው ግንቡንና ጣሪያውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን ለመምህሮቻችን የሚያቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ማንኛውም የመጨረሻ ዓመት ተማሪ በተቆጣጣሪ ላይ የሚሠራው ሥራ የግብዓትና የውጤት ሠንጠረዥ ከሌለው ተቀባይነት አያግኝ፤ ሠንጠረዡም ነጥብ ይሰጠው። ስድስት ዓምድ ይበቃዋል፤ የሽቦው ቍጥር፥ በካርዱ ላይ ያለው ቦታ፥ የማኅደሩ አድራሻ፥ ትርጕሙ በአማርኛ፥ በደኅና ጊዜ 0 ነው ወይስ 1፥ ሽቦው ቢቈረጥ ምን ይሆናል? ወረቀቱም በሣጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጠፍ። ስድስተኛው ዓምድ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ያስቸግራል፤ ምክንያቱም መልሱ በፕሮግራሙ ውስጥ አይገኝም፤ ጣቢያውን፥ ውሃውንና እዚያ የሚሠራውን ሰው ማወቅ ይጠይቃል። የአማርኛው ትርጕም ነገር ለይምሰል የተጨመረ አይደለም፤ በሌሊት ተጠርቶ የሚመጣው ሰው የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ወይም ዘበኛው እንጂ ፕሮግራም ጻፊው አይደለምና።

«ጊዜ የለም» የሚል መልስ እንደሚሰጠን እንጠብቃለን። ሠንጠረዡን ሥራው ሲያልቅ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው በእውነት ጊዜ የለውም። ሽቦ ከመታሰሩ በፊት የጻፈው ግን ሽቦውንም ፕሮግራሙንም ከእርሱ እየገለበጠ ይሠራል፤ ጊዜ ያተርፍበታል እንጂ አያጠፋበትም።

የእንፍራንዙን የሐሳብ ጣቢያ ሠንጠረዥ እኛ ጀምረነዋል። ስምንቱ የግብዓት ቢቶች፥ ሦስቱ ውጤቶች፥ የማጠራቀሚያው ከፍታና የሞድበሱ ድምር ተደምረው 13 መሥመር ሆኗል። አምስቱን ዓምድ ሞልተን በላብራቶሪው በር ላይ ለጥፈነዋል፤ ስድስተኛው ባዶ ነው። እርሳስ በገመድ ታስሮ አጠገቡ ተንጠልጥሏል፤ ከማኅበሩ ስብሰባ በፊት የፈለገ ይሙላበት፤ የጻፈውን የማይቀበል ደግሞ ሳይሰርዝ ከሥሩ ምክንያቱን ይጻፍ።